ለፍላፊው ዝም ያለባቸው ቀናት

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ዘጠኝ ገጽ። ከጠዋት ጀምሬ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዛሬም ያው የግንቡ ክርክር… ሁለት ጎረቤታሞች መሃላቸው ለቆመ አንድ ግንብ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። አንደኛው ምስክር በየሁለት ቃሉ ያስላል። "ሳል" ብዬ እጽፋለሁ። የችሎት ቅጂ ጸሐፊ ሥራ ይኸው ነው፤ የተባለውን ሁሉ መጻፍ፣ ከራስ ምንም አለመጨመር። የችሎቱን ድምፅ በኢንተርኔት ይልኩልኛል፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ እጽፋለሁ፣ ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን መልሶ ያነብልኛል። ዓይኔ ስለማያይ የኔ ማንበብ መስማት ነው።

ምሳ… በልቻለሁ መሰለኝ። ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል።

ነገ እማ ከሞተች አራት ወሯ። ጻፍኩትና ጣቴን መልሼ አስኬድኩበት። ምንም አላለኝም። ምን እንዲለኝ ነበር?

ሥራ ስጨርስ ኮምፒውተሩ አፕዴት ላድርግ ወይ አለኝ። እሺ አልኩት። ሲንቀራፈፍብኝ ጊዜ ሰለቸኝና ማጥፊያውን ተጭኜ ድርግም አደረግኩት። የቀረውን ነገ ይጨርሰው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

አይናገርም።

የይለፍ ቃሌን እንደ ሁልጊዜው በቃሌ መታሁ። ጢን አለች፣ መግባቴን የምትነግረኝ ያቺ ትንሽ ደወል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ምን ምን እንደተከፈተ መዘርዘር ነበረበት። ዝም። አንባቢውን የሚያስነሡትን ቁልፎች ተጫንኩ። ዝም። አጥፍቼ አስነሣሁ። ጢን። ዝም።

ስክሪን የለኝም ደግሞ። ኖሮኝም አያውቅም። ለማላይ ሰው ስክሪን ምን ያደርግልኛል? ሳጥኑ፣ ኪቦርዱና የጆሮ ማዳመጫው፣ በቃ። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የጫኑልኝ የድሮ መምህሬ ናቸው፣ ስምንት ዓመት እንደዚሁ ሠርተንበታል።

እማ ይሄን ድምፅ ለፍላፊው ነበር የምትለው። "ዛሬስ ይሄ ለፍላፊ ምን አለ?" ትለኛለች ከሥራ ስነሣ። በኔ ፍጥነት ሲያነብ ለሌላ ሰው ጆሮ ትርጉም የለውም። "ቀስ አድርጊልኝና እኔም ልስማ" ስትለኝ ዝቅ አደርግላታለሁ፣ ወንበሯን አስጠግታ የሰው ጠብ ትሰማለች። ከዳኛው ቀድማ ትፈርዳለች። ብዙ ጊዜም ለተሳሳተው። ከሞተች ወዲህ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ አላውቅም። እንዲያውም ጨመርኩበት።

ዝም ሲል ግን… አልደነገጥኩም። መደንገጥ ነበረብኝ። ቁጭ ብዬ ቀረሁ እንጂ።

ዛሬ አራት ወሯ ነበር። አለፈ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ለመምህር ደወልኩላቸው። እሳቸውም እንደኔ አያዩም፤ ኮምፒውተር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ጢን ትላለች?"

"ትላለች።"

"እንግዲያው የድምፁ መንገድ ደህና ነው። ሦስት ሰዎች አስቢ። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይላላካል፣ አንዱ ይናገራል። አንባቢው ያነበበውን ለተላላኪው ይሰጣል፣ ተላላኪው ለተናጋሪው ያደርሳል። ከሦስቱ አንዱ ተኝቷል ማለት ነው።"

በጭፍን አስጻፉኝ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት በቁልፍ ከፈትኩ… ይከፈት አይከፈት በምን ላውቅ? ፊደል በፊደል ነገሩኝ። ተናጋሪውን ለብቻው "ሰላም" በል ብዬ አዘዝኩት።

"ሰላም" አለ በጆሮ ማዳመጫው! አንዲት ቃል ተናግሮ እንደገና ዝም።

"ተናጋሪው ደህና ነው! የተኛው ተላላኪው ነው" አሉ መምህር ደስ ብሏቸው። ሰኞ አፕዴቱን መሃል ላይ ማጥፋቴን ስነግራቸው ግን "አይ ልጄ! ሰው ልብሱን እየቀየረ በር ይከፈትበታል?" ብለው ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ድምፁ የኔ አልመስል አለኝ።

ከዚህ ወዲያ በጭፍን አይሆንም አሉ። ማሽኑ ለትእዛዙ የሚመልሰውን የሚያነብልን ዓይን ያስፈልጋል። ወንድምሽን ጥሪው። እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ኃላፊዋ ደወለች። የግንቡ ክርክር ቅጂ እስከሚመጣው ሳምንት ዓርብ መድረስ አለበት። "ካልሆነ ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው፣ የአንቺንም ቦታ ባዶ ላቆየው አልችልም" አለች። ክፋት የለባትም። ከላይ እሷንም ይጫኗታል።

እሺ አልኳት። በቃ እሺ?

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ዝናብ። አምስት ሰዓት ላይ ከአልጋ ተነሣሁ። መልሼ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጋሼ መጣ። ታላቅ ወንድሜ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ። ከሱ በፊት የናፍታው ሽታ ገባ። ከቤቱ ስክሪን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ ነው የመጣው። "ዓይን ተፈለገ አሉ፣ ይኸው ሁለት ዓይን" አለ። ከሳጥኑ ጀርባ ቀዳዳውን ሲፈልግ ቆየና ገመዱን ሰካ። አስነሣነው፣ የይለፍ ቃሌን መታሁ። ጢኗ አልተሰማችኝም። ጋሼ ደግሞ እያወራ ነበር፣ አለፍኳት።

ስልኩን ጮክ አድርገን ሦስታችን ጀመርን። መምህር ያዛሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ጋሼ የተመለሰውን ያነባል። ሲያነብ ፌርማታ የሚጠራ ነው የሚመስለው።

"ከላይ አንዲት ቀይ ነገር አለች። ከጎን ሰዓቱ አራት ከሃያ ይላል። የአየር ጠባይ፣ ደመናማ…"

"ወንድሜ፣ ደመናውን ይተዉትና ከታች ያለውን መስመር ያንብቡልኝ" አሉ መምህር።

ዓይን ያለው ሰው እንዲህ ነው ለካ የሚያነበው። የማይፈለገውን ሁሉ።

የተቋረጠውን አፕዴት አስጨረስነው። ከዚያ መምህር "የድሮው ማስተካከያሽ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ወደ ጎን አድርገነው ተላላኪው አዲስ ይያዝ። ግን ፍጥነቱም ምኑም እንደ መጀመሪያው ቀን ይሆናል፣ ያለማመድሽው ሁሉ ይቀራል። ይሁን?" አሉኝ። እሺ አልኩ።

"ተነሣ!" አለ ጋሼ። "ተላላኪው ተነሥቷል ይላል። አረንጓዴ ሆነ!"

ሦስታችንም ጆሯችንን ሰጠን። ዝም። አጥፍተን አስነሣን። ዝም። አሁንማ ጢኗም የለችም። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ስለ ጢኗ ለመምህር አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ምን ይለወጣል?

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጋሼ የተለመደውን ጀመረ። ብቻሽን እዚህ ምን ታደርጊያለሽ፣ እኔ ቤት ነይ፣ የጓሮዋን ክፍል ባለቤቴ ቀለም አስቀብታልሻለች።

"ምን ቀለም?" አልኩት።

አልሳቀም። "ቢጫ" አለኝ።

"እሺ።"

"እሺ ምን?"

"እሺ እመጣለሁ። በወሩ መጨረሻ ለአከራይዋ እነግራታለሁ።"

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ብርድ ልብሱን አጣጠፈና "እራት ብዪ እሺ?" ብሎኝ ሄደ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ምንም አልሠራሁም። ስክሪኑን ትቶልኝ ሄዷል፣ ጠረጴዛውን ሞላው። ክርኔ ይመታዋል። ሦስት ጊዜ ይቅርታ አልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ጋሼ ከሥራ ሲወጣ መጣ፣ መምህር በስልክ። ሁለት ሰዓት ለፋን። አንባቢው ነቅቷል። ተላላኪው ነቅቷል። ተናጋሪው ነቅቷል። ጋሼ "የድምፅ መለኪያው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል እኮ፣ እያወራ ነው የሚመስለው" አለ።

መምህር ግራ ገባቸው። "ሦስቱም ደህና ናቸው። ይናገራሉም። ለማን እንደሚናገሩ ብቻ እንጃ!"

እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ስለ ሌላ ሰው ኮምፒውተር እንደሚያወሩ አዳምጣለሁ። ሰው ሁሉ ለኔ ይደክማል፣ እኔ ልቤ ደንዝዟል። ማፈር ነበረብኝ። አላፈርኩም። ድካም ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጋሼ ስድስት ካርቶን አምጥቶ ኮሪደሩ ላይ ደረደረ። "አስቀድመሽ ብትጀምሪ ብዬ ነው" አለ። ቆሞ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ አልገባኝም። "እሺ፣ ተወው እዚያው" አልኩት።

ከሄደ በኋላ ከእማ ቁም ሣጥን ጀመርኩ። ሁለት ሹራብ። ጫማዋ፣ የግራው ተረከዝ እንደተበላ። መነጽሯ ማቀፊያው ውስጥ፤ መስታወቱ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፣ ቅባት ነበረበት። የሷ ጣት ይሆናል። ሁሉንም አንድ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። አጣጥፌ፣ በሥርዓት። ሰው እንደዚህ ሲያደርግ ያለቅሳል መሰለኝ። እኔ ካርቶኑ ይዘጋ አይዘጋ ነበር ሐሳቤ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

በቃ። ነገ ዓርብ ነው፣ ቅጂው አይደርስም። ሰው ከሚያባርረኝ ራሴ ልልቀቅ አልኩ። ጋሼን "ደብዳቤ ጻፍልኝ" አልኩት። በስክሪኑ እያየ ለኃላፊዋ በኢሜይል እንዲልክልኝ።

አስጻፍኩት። "ኮምፒውተሬ ሊሠራልኝ ስላልቻለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ። ስለ ስምንቱ ዓመት አመሰግናለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ጻፍ ጋሼ።"

በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው። ጣ… ጣ… ጣ። እንደዚያች አጭር ደብዳቤ ግማሽ ሰዓት የፈጀ አላየሁም። መሪ የሚያዞር እጅ ከኪቦርድ ጋር ምን ያገናኘዋል? መሃል ላይ አፍንጫውን ሳበ። ጉንፋን ይዞኛል አለ።

"ላክኸው?"

"ላክሁት። ልዝጋው?"

"ተወው፣ ማን ያነበዋል ብለህ ነው።"

ሥራ የለኝም እንግዲህ። እንዲህ ቀላል ነው? እጄን አየሁት ልል ነበር… እጄን በእጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ኃላፊዋ አልደወለችም። ስምንት ዓመት፣ ደህና ሁኚ እንኳ? ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ረጅም ነው የምጽፈው ዛሬ። የወረቀት መውጊያው ጣቴን አሳምሞኛል።

ጠዋት የራሴን ነገር መክተት ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ እነዚህ ወረቀቶች ቀሩ፣ ማስታወሻዬ። በብሬል ነው የምጽፈው፣ ወፍራም ወረቀት እየበሳሁ። ጋሼ "ወንፊትሽ" ይለዋል። ልጣላቸው ወይስ ልውሰዳቸው? ለመወሰን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ የሁለት ሳምንቱን በጣቴ አነበብኩ። ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። እሺ አልኩ፣ እሺ አልኩ፣ እሺ አልኩ።

ከዚያ ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

ማክሰኞ፦ ጢን። ረቡዕ፦ ጢን ትላለች፣ እንዲያውም "ሰላም" ብሏል። ቅዳሜ፦ ጢኗ አልተሰማችኝም።

መልሼ አነበብኩት። ቅዳሜ ጢኗ የጠፋችው መቼ ነው? አፕዴቱን ሳናስጨርስ፣ ተላላኪውን ሳንነካ፣ ገና ስንገባ። ከዚያ በፊት ምን አደረግን? ምንም። ጋሼ ስክሪን ሰካ።

ስክሪን።

ተነሥቼ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ከሐሙስ ጀምሮ እንደበራ ነው፣ ያጠፋው የለም። ከስክሪኑ ጀርባ የሚወጣውን ገመድ በእጄ ይዤ እየተከተልኩት ሳጥኑ ድረስ ሄድኩ። ወፍራም ገመድ። የድምፁ መለኪያ ይንቀሳቀሳል አላለም ጋሼ? ለማን እንደሚናገሩ እንጃ አላሉም መምህር? ለስክሪኑ ነበራ! ገመዱ ሥዕል ብቻ ሳይሆን ድምፅም ይወስዳል፤ ሳጥኑ ስክሪን ሲያገኝ ድምፁን ሁሉ ለሱ ሰጠ፣ የጋሼ ስክሪን ደግሞ ድምፅ ማውጫ የለውም። ተላላኪውን ያን ዕለት አድነነዋል። በዚያው ሰዓት ደግሞ አፉን ዘግተነዋል። ለማየት የሰካነው ነገር ነው ያፈነው።

መዘዝኩት።

የጆሮ ማዳመጫው ከልማድ አንገቴ ላይ ነበር። አጠለቅኩትና ከላይ ጀምረህ አንብብ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ተናገረ። ቀስ ብሎ። ማስተካከያዬ ስለጠፋ ፍጥነቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኗል፤ እማ ወንበሯን አስጠግታ የምትሰማበት ፍጥነት። ፊቱ የተከፈተው ደግሞ ጋሼ ያልዘጋው ደብዳቤ ነበር። ቃል በቃል እዚህ አሰፍረዋለሁ። ሥራዬ ነው፣ የተባለውን መጻፍ።

"ለተከበሩ የጸሐፊዎች ኃላፊ። እኔ ወንድሟ ነኝ። እህቴ ሥራ ለቅቄያለሁ ብለህ ጻፍልኝ አለችኝ። አልጻፍኩትም። አጠገቤ ቁጭ ብላ ያለችውን የምጽፍ ይመስላታል። ይቅር ትበለኝ። ማሽኗ ተበላሽቶባት ነው እንጂ ሥራውን ጠልታ አይደለም። ትንሽ ቀን ታገሷት። እናታችን ከሞተች አራት ወር ሆነ፣ እህቴ አላለቀሰችም። እኔ ቤት ነይ እያልኩ ስጨቀጭቃት እሺ አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ እሺ ብላኝ አታውቅም። እሺ ስትለኝ ነው የፈራሁት። ትሰድበኛለች ብዬ ካርቶን አመጣሁላት፣ ዝም ብላ ተቀበለችኝ። ደብዳቤ አልችልበትም፣ ሹፌር ነኝ። ይህን መጻፌን አትንገሩብኝ።"

ለፍላፊው ይህን ሁሉ ያነበበው ያለምንም ስሜት ነው፤ ለሱ የግንቡ ክርክርም ይሄም አንድ ነው። በድሮው ፍጥነቴ ቢሆን ኖሮ በአንድ ትንፋሽ አልፌው ነበር። ቀስ ሲል ማምለጫ የለም። "አላለቀሰችም" የሚለው ላይ ሲደርስ እጄ ከኪቦርዱ ላይ ወደቀ።

ከሥሩ የኃላፊዋ መልስ ነበር፣ የዓርብ። "ገብቶኛል። ቅጂውን ሁለት ሳምንት አራዝሜዋለሁ። ቦታው የራሷ ነው።"

አለቀስኩ። ይኸው ጻፍኩት፣ አለቀስኩ። በጩኸት፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ካርቶኑን ከፍቼ የእማን ሹራብ እስካወጣ ድረስ። እማ ናፈቀችኝ። አራት ወር ሙሉ ናፍቃኛለች፣ ዛሬ ነው የሰማሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ጠዋት ለመምህር ደወልኩ። "ስክሪን!" አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስክሪን ሰክቼ አላውቅም፣ በየት በኩል ይምጣልኝ!" እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሳል" ብዬ ልጻፍ አልኳቸው። እኔም ሳቅኩ፣ ድምፁም የኔ ነበር።

የግንቡን ክርክር ካቆምኩበት ጀመርኩ። አራት ገጽ። ፍጥነቱን ልመልሰው ቁልፉ ላይ ጣቴን አድርጌ ነበር… ተውኩት። ለጊዜው እንዲሁ ይለፍልፍ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ ከውስጥ ለፍላፊው ስለ ግንቡ እያወራ ነበር፣ የጆሮ ማዳመጫውን ነቅዬ በሳጥኑ በራሱ ድምፅ ማውጫ ለቅቄዋለሁ።

"ተናገረ እንዴ? ምን ሆኖ ነበር?"

"ያንተ ስክሪን ነው ያፈነው። ይዘህልኝ ሂድ።"

መቼ መናገር እንደጀመረ፣ ፊቱ ምን ተከፍቶ እንደነበር ሲያስብ ይታወቀኛል። "እና… ካርቶኖቹን ዛሬ አውቶቡሱ ላይ ልጫናቸው?" አለኝ። ድምፁ እንደ ሐሙሱ ነው። ዛሬም ጉንፋን ይለኝ ይሆናል።

"እምቢ" አልኩት።

"ምን አልሽ?"

"እምቢ አልኩህ። አልመጣም። ቢጫ ክፍልህን ለራስህ። ካርቶኖችህንም ከኮሪደሬ ላይ አንሣልኝ፣ ሁለት ጊዜ ሊጥሉኝ ነበር።"

የእማን ወንበር ሲስብ ሰማሁት። ተቀመጠበት።

"እስኪ ድገሚልኝ" አለኝ።

ደገምኩለት።